የኦሮሞ ሕዝብ ጥንታዊ እምነትና የፍልስፍናው ትርጓሜ

በብዙ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መምህሩ በየጧቱ የስም መዝገቡን ዘርግቶ ተማሪዎቹን በሚጠራበት ጊዜ ዋቅጅራ፣ ዋቅጋሪ፣ አያና የሚሉ ስሞች ያጋጥሙታል። ዋቅጅራ ማለት «አምላክ አለ» ማለት ነው፤ ዋቅጋሪም «አምላክ ቸር ነው» ማለት ነው። ስሙን የያዘው ልጅ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄድ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን ከሁለቱም ሳይሆን ከጥንታዊው የአባቶቹ እምነት የወጣ የምስክርነት ቃል ነው። እንግዲህ አንድ ሕዝብ የእምነቱን ዋና ነገር በልጆቹ ስም አኑሮ ካቈየ፣ ያ እምነት ምን እንደሚል ጠይቆ መረዳት የልጆቹ አስተማሪ ለሆነ ሰው የሚገባ ሥራ ነው።

ስለዚህ እምነት ሲነገር የቈየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው። አንደኛው፣ ዛፍና ተራራ፣ ወንዝና ሐይቅ ማምለክ ነው የሚል ንቀት ነው። ሁለተኛው በቅርብ ዘመን የመጣ ሲሆን፣ እምነቱ የዓለም ጥበብ ሁሉ ምንጭ ነው የሚል ያለ ማስረጃ የሚነገር ውዳሴ ነው። ሁለቱም አንድ ጕድለት አለባቸው፤ ይኸውም ሕዝቡ ራሱ የሚናገርባቸውን ቃላት ሳይመረምሩ መፍረዳቸው ነው። ቃላቱ በተመረመሩ ጊዜ ግን፣ እምነቱ መጽሐፍ ባይኖረውም እርስ በርሱ የተያያዘ አሳብ እንዳለው፣ አሳቡም እንደ ሦስት ጉልቻ ዋቃ፣ አያናና ሰፉ በሚባሉ ሦስት ቃላት ላይ እንደ ቆመ ይታያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ዋቃ

የእምነቱ መሠረት ዋቃ ነው። ይህ ቃል በኦሮምኛ ሁለት ነገር ይገልጻል፤ አንዱ ከላይ የሚታየው ሰማይ ነው፤ ሁለተኛው የሁሉ ፈጣሪ የሆነው አምላክ ነው። የቃሉን አንድነት ብቻ የሚመለከት ሰው ሕዝቡ ሰማይን ያመልካል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን የተበደለ ሰው በአማርኛ «የላይኛው ያያል» ሲል ጣራውን ወይም ደመናውን ማለቱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ኦሮሞውም ዋቃን ሲጠራ የሚጠራው ከሚታየው ሰማይ በላይ ያለውን ነው። ዋቃ አንድ ነው፤ አልተፈጠረም፤ ሁሉን ፈጥሯል፤ ዝናምን ይሰጣል፤ እውነትን ይወዳል፤ ሐሰትንና ግፍን ይቀጣል። ምስል አይቀረጽለትም፤ መልክም አይሣልለትም።

በጸሎትና በምርቃት ጊዜ ዋቃ ብዙውን ጊዜ «ዋቃ ጉራቻ» ይባላል፤ ይኸውም «ጥቁሩ ዋቃ» ማለት ነው። ሰይጣንን በጥቁር ቀለም ተሥሎ ማየት ለለመደ ሰው ይህ አጠራር እንግዳ ይሆንበታል። ነገር ግን ጥቁርነት በዚህ አነጋገር የክፋት ምልክት አይደለም። ዝናም የያዘ ደመና ጥቁር ነው፤ የጥልቅ ውሃም መልክ ጥቁር ነው፤ ዓይን ሊደርስበትና ሊመረምረው የማይችል ነገር ሁሉ ጥቁር ነው። ስለዚህ «ጥቁሩ ዋቃ» ማለት ሰው ሊመረምረው የማይችል፣ ነገር ግን የሕይወት ምንጭ የሆነ አምላክ ማለት ነው። በዚህ በአንድ ቅጽል ውስጥ ሁለት ትምህርቶች አሉ፤ አንዱ የአምላክ ባሕርይ ከሰው እውቀት በላይ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ይህ የማይታወቅ አምላክ በዝናሙና በልምላሜው ለሰው ቅርብ መሆኑ ነው።

ዋቃ የሚለው ስም የኦሮሞ ብቻ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብም ፈጣሪውን ዋቃ ብሎ ይጠራል፤ በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት ሬንዲሌዎችም ከዚሁ ቃል ጋራ አንድ የሆነ ስም አላቸው። ሶማሌዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሙስሊሞች ቢሆኑም፣ ጥንታዊው ስም በቦታ መጠሪያ ላይ ቀርቷል፤ በኬንያና በሶማሊያ ድንበር ላይ ያለው ኤልዋቅ «የዋቅ የውሃ ጕድጓድ» ማለት ነው፤ በመካከለኛው ሶማሊያ የሚገኘው አቡድዋቅ የተባለው ከተማም በስሙ ውስጥ ይኸንኑ የዋቅን አምልኮ ያስታውሳል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳው፣ ስለ አንዱ የሰማይ አምላክ የነበረው እምነት የኩሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች በሆኑ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቈየ የጋራ ቅርስ መሆኑን ነው።

ስለ አያና

ዋቃ አንድና የማይመረመር ከሆነ፣ ከዚህ ከሚታየውና ብዙ መልክ ካለው ዓለም ጋራ የሚገናኘው በምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የትኛውም ሃይማኖት ሊሸሸው የማይችል ጥያቄ ነው። የኦሮሞ ሊቃውንት መልስ አያና የሚለው ቃል ነው።

አያና ሁለተኛ አምላክ አይደለም። በፍጡሩ ውስጥ ያለ ከዋቃ የሆነ ነገር ነው፤ ፍጡሩንም ያንን ፍጡር የሚያሰኘው እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አያና አለው፤ ለጐሣም አያና አለው፤ ለእንስሳም፣ ለዛፍም፣ ለወንዝም አያና አለው። ምንጩ አንድ ሲሆን ውሃው በተቀዳበት ዕቃ ልክ መልክ እንደሚይዝ፣ እንዲሁ ከአንዱ ዋቃ የሚወጣው ነገር በእያንዳንዱ ፍጡር ውስጥ የዚያ ፍጡር ጠባይ ሆኖ ይታያል። የፍጥረት ሁሉ ጠቅላላ ስም ኡማ ይባላል። የኦሮሞን አሳብ ከሕዝቡ ሊቃውንት ተምሮ የጻፈው ገመቹ መገርሳ እንዳስረዳው፣ ዋቃ ኡማን የፈጠረው በአያና ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦንም አንድን ነገር ያንን ነገር የሚያሰኘው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። እርሱ መልሱን ከነገሮች ውጭ በሆነ የአሳብ ዓለም ውስጥ ፈለገው፤ የኦሮሞ ትምህርት ግን በነገሩ ውስጥ አኖረው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሽማግሌ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ሲመርቅ፣ ወይም አንዲት እናት እርጥብ ሣር ይዛ ወደ ወንዝ ስትወርድ፣ የሚመለከው ዛፉ ወይም ወንዙ ነው ማለት ስሕተት ነው። ዛፉና ወንዙ የዋቃ ሥራ ጐልቶ የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። ምስጋናው የሚቀርበው ለሠሪው ነው።

አያና የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም አለው፤ ይኸውም «ቀን» ነው። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት ቦረናዎች 27 የቀን ስሞች አሏቸው፤ እነዚህም አያና ይባላሉ። ዓመታቸው 12 የጨረቃ ወሮች ያሉት ሆኖ 354 ቀን ያህል ነው። አንዱ ወር በ29 ወይም በ30 ቀን ሲፈጸም፣ የቀኖቹ ስሞች ግን በ27 ስለሚያልቁ፣ ወሩ የሚገባበት የቀን ስም በየጊዜው በሁለት ወይም በሦስት ይገፋል። አያንቱ የሚባሉት የዘመን አዋቂዎች ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘው፣ ጨረቃን ሰባቱ ከዋክብት ከሚባሉትና ከሌሎች የታወቁ ከዋክብት ጋራ እያስተያዩ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ መሣሪያ ዘመንን ይቈጥራሉ። ይህን አቈጣጠር በአስመራ የተወለደው ሊቅ አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናት ውስጥ በዝርዝር ገልጾታል።

እዚህ ላይ ለፍልስፍና ትልቅ ቁም ነገር ይገኛል። የሰው ጠባይና የቀን ጠባይ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አሳብ መሠረት ጊዜ እንደ ባዶ መንገድ ነገሮች የሚያልፉበት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ባሕርይ አለው፤ በዚያ ቀን የተወለደ ሰውም ከቀኑ ባሕርይ ይካፈላል። ሥርዐቱ የሚፈጸምበት፣ ለልጅ ስም የሚወጣበት ቀን የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ዋቃ ወደ ዓለም የሚገባው በፍጡርና በጊዜ በኩል ነው፤ ሁለቱም አያና ናቸው።

ስለ ሰፉ

ለእያንዳንዱ ነገር ከዋቃ የተሰጠ ጠባይና ስፍራ ካለው፣ ነገሮች ሁሉ አብረው እንዴት ይኖራሉ? ሦስተኛው ቃል፣ ሰፉ፣ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሰፉን በአንድ የአማርኛ ቃል መተርጐም አይቻልም። ነውር፣ ወግ፣ ክብር፣ ይሉኝታ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ከፍሎቹን ይነካሉ፤ ሙሉውን ግን አይዙም። ሰፉ ማለት በሁለት ነገሮች መካከል ሊጠበቅ የሚገባው ልክ ነው። በአባትና በልጅ፣ በአማትና በአማች፣ በታላቅና በታናሽ፣ በባልና በሚስት መካከል ሰፉ አለ። በሰውና በከብቱ፣ በሰውና በሚያርሳት ምድር፣ በሰውና በዋቃ መካከልም ሰፉ አለ። የጥጃዋን ድርሻ ሳያስቀር ላሚቱን ያለበ ሰው ላሚቱን ብቻ አይደለም የበደለው፤ በሰውና በእንስሳ መካከል የተደነገገውን ልክ አፍርሷል። አሳፋሪ ነገር የሰማ ኦሮሞ «ሰፉ!» ብሎ የሚጮኸው፣ ይህ ልክ ሲፈርስ ስላየ ነው።

ሰፉ ከይሉኝታ የሚለየው በዚህ ነው። ይሉኝታ የሰውን ዓይን ይፈራል፤ ሰው በሌለበት ቦታ ኃይሉ ይደክማል። ሰፉ ግን የፍጥረት ሁሉ ሥርዐት ስለሆነ፣ ማንም ባያይም መጣሱ መጣስ ነው። ሰፉን መጣስ ጩቡ ይባላል፤ ይኸውም ኃጢአት ነው። ጩቡ በሠራው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ቤተ ሰቡ፣ ወደ ጐሣው፣ ወደ ከብቱና ወደ እርሻው ይተላለፋል። ዝናም ሲጠፋ ወይም በሽታ ሲገባ፣ ሽማግሎች አስቀድመው የሚጠይቁት «በመካከላችን ምን ተበላሽቷል?» ብለው ነው። የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ወደ ዋቃ የሚቀርብ ጸሎት አይሰማም ተብሎ ይታመናል። ሰላም፣ በኦሮምኛ ነጋ፣ የጦርነት አለመኖር ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነገር በየስፍራው ሆኖ ሲስማማ የሚገኝ ጤንነት ነው።

ሰው በተገደለ ጊዜ የሚፈጸመው የጉማ ሥርዐት ይህን አሳብ በግልጽ ያሳያል። ገዳይና የሟች ወገን በሽማግሎች አማካይነት ይቀርባሉ፤ ካሣ ይቈረጣል፤ ደሙ በሥርዐት ይነጻል። የሥርዐቱ ዓላማ ወንጀለኛውን መቅጣት ብቻ አይደለም፤ የፈረሰውን ልክ መልሶ ማቆም ነው። ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት እምነቱ ብዙ አይናገርም፤ የሙታን ጥላ ኤኬራ ይባላል፤ መታሰቢያም ይደረግለታል። ይሁን እንጂ ዋጋና ቅጣት በይበልጥ የሚጠበቁት በዚህ ዓለም፣ በሰውየው ወይም በልጆቹ ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ጽድቅና ኃጢአት ለወደፊቱ ዓለም የሚቀመጡ ሒሳቦች ሳይሆኑ ዛሬ በመንደሩ ውስጥ የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

አሳቡን የተሸከሙ ሥርዐቶች

መጽሐፍ የሌለው አሳብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፋ የሚኖረው የሚሸከመው ሥርዐት ሲኖረው ነው። ከእነዚህ ሥርዐቶች የመጀመሪያው የቃሉ ሹመት ነው። ቃሉ በዘር የሚተላለፍ የሃይማኖት አባት ነው፤ የሚያገለግልበት ቤት ገልማ ይባላል። በቦረና ዘንድ ሳቦና ጎና የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ታላቅ ቃሉ አላቸው። ቃሉ የጦር መሪ አይሆንም፤ የገዳ ሥልጣንም አይዝም፤ ነገር ግን የገዳ መሪዎች በሚመረጡበት ጊዜ ምርጫውን በበላይነት ይጠብቃል። የሚመርቀውና የሚገዛው ሰው የተለያዩ መሆናቸው በራሱ ሰፉ ነው፤ በሁለቱ ሥልጣኖች መካከል ልክ ተቀምጦላቸዋል።

ሁለተኛው ገዳ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። በቦረና ሥርዐት ልጅ ከአባቱ አምስት የገዳ ዘመን፣ ይኸውም 40 ዓመት፣ ርቆ ይከተላል። ለዚህ ስሌት ብዙ ማብራሪያ ተሰጥቶታል፤ ከሰፉ አንጻር ሲታይ ግን በአባትና በልጅ መካከል ሊኖር የሚገባው ልክ በጊዜ ላይ ተሰፍሮ የተቀመጠ ይመስላል። አባትና ልጅ በአንድ ወንበር አይጋፉም፤ ልጅም አባቱን ለመተካት አይቸኩልም፤ አባትም ሥልጣኑን ለልጁ አያወርስም።

ሦስተኛው የሴቶች ሥርዐት ነው። ሴት ስታገባ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለው በትር የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው። በአርሲና በሌሎችም ቦታዎች ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወንዶች መካከል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ አልፎ መምታት ከባድ ጩቡ ነው። አቴቴ የሚባለው የሴቶች ጸሎትም የመውለድና የልምላሜ በረከት የሚለመንበት ነው።

አራተኛው ኢሬቻ ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዞች ሲጐድሉ፣ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ወርዶ፣ ከጨለማው ወራት ላወጣው አምላክ ምስጋና ያቀርባል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ዝናምን ለመለመን ወደ ኮረብታ ይወጣል። በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ የሚከበረው ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰፊ የነበረው ግን የሙዳ ጕዞ ነው። ሙዳ ማለት ቅቤ መቀባት ማለት ነው። ከሩቅ አገር፣ ከሜጫና ከቱለማ ሳይቀር፣ ጂላ የሚባሉ መልእክተኞች በየስምንት ዓመቱ ተመርጠው፣ በደቡብ ወዳለው ወደ አባ ሙዳ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። የጦር መሣሪያ አይዙም፤ በሚያልፉበት አገር ሁሉ የተከበሩ ነበሩ። ምርቃቱን ተቀብለው፣ ሕጉንና ወጉን ሰምተው ይመለሱ ነበር። መደወላቡ በኦሮሞ አፈ ታሪክ ውስጥ የያዘው ከፍ ያለ ስፍራ ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች ስለ ዋቃ፣ ስለ አያናና ስለ ሰፉ ተመሳሳይ ቃል የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ መንገድ እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለግላቸው ነበር።

በታሪክ ውስጥ የደረሰበት ለውጥ

በ16ኛው መቶ ዓመት ኦሮሞዎች ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ተስፋፍተው ብዙ አገር ያዙ። የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ በ1593 በግዕዝ በጻፈው ታሪክ፣ መሪዎቻቸው በየስምንት ዓመቱ የሚለወጡ መሆናቸውን መዝግቧል። ጸሓፊው በጦርነቱ የተጐዳ ሰው ነበረና ስለ እምነታቸው በፍቅር አልጻፈም፤ ስለ ገዳ የሰጠው ምስክርነት ግን እስከ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች መነሻ ሆኖ ይኖራል።

በኋለኞቹ መቶ ዓመታት እስልምና በሐረር ዙሪያ፣ በባሌ፣ በአርሲና በወሎ እየሰፋ ሄደ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ጅማን የመሳሰሉት የጊቤ መንግሥታት ተቀበሉት። በሸዋና በሌሎችም ቦታዎች ብዙዎች የኦርቶዶክስ ክርስትናን ተቀበሉ፤ በወለጋ ደግሞ የወንጌላውያን ትምህርት ተስፋፋ። ይሁን እንጂ አሮጌው ሥርዐት ፈጽሞ አልጠፋም። በባሌ በድሬ ሼክ ሑሴን የሚደረገው የሙስሊሞች ጕዞ፣ ተጓዦቹ ባላ የሆነ በትር ይዘው ከሩቅ የሚመጡበት፣ ለብዙ ተመራማሪዎች የሙዳን ጕዞ ያስታውሳቸዋል።

የሙዳ ጕዞ ራሱ ግን በ1900 ግድም በምኒልክ መንግሥት ተከለከለ። የታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚሉት፣ ጕዞው የተለያዩትን የኦሮሞ ወገኖች የሚያገናኝ በመሆኑ ለአዲሱ አገዛዝ አሳሳቢ ሆኖ ነበር። እምነቱ በክርክር ተረትቶ አልተሸነፈም፤ መንገዱ ተዘጋ እንጂ። መንገዱ ሲዘጋም ትምህርቱ ተበተነ። የስዊድኑ ተመራማሪ ካርል ክኑትሶን በ1967 ባሳተመው የሜጫ ጥናት እንዳሳየው፣ ገዳ በተዳከመበት ቦታ፣ መንፈስ ሰፈረብኝ የሚሉ ሰዎች የቃሉን ስም ይዘው ኃይላቸው በረታ። በአማርኛም ከዚሁ ቃል የወጣው «ቃልቻ» የሚለው ስም የጠንቋይ ስም ሆኖ ቀረ። ጦር መሣሪያ የማይነካው፣ ሕዝብን የሚያስታርቀው የጥንቱ አባት በዚህ ቃል ምክንያት ከጠንቋይ ጋራ ተቈጠረ። የአንድን ሥርዐት ውድቀት አይቶ ሥርዐቱ ከመጀመሪያው እንደዚህ ነበረ ማለት ታላቅ የታሪክ ስሕተት ነው።

በዚያው ዘመን የእምነቱ ቃላት ባልታሰበ መንገድ ወደ ጽሑፍ ገቡ። በልጅነቱ ተሽጦ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ለእግዚአብሔር ስም የመረጡት ከዋቃ የወጣውን «ዋቀዮ» የሚለውን ቃል ነበር። እንግዳ ስም ሊያመጡ ሲችሉ የአባቶቻቸውን ቃል መምረጣቸው፣ ቃሉ የአንዱን ፈጣሪ ትርጉም አስቀድሞ የያዘ መሆኑን የሚመሰክር ነው። አስቴር ጋኖም ተረትና ምሳሌ ሰብስባ ለንባብ መማሪያ አውላለች፤ ሁለቱም አስተማሪዎች ነበሩ።

በቅርቡ ዘመን ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሆኑ። ጥቅምት 2 ቀን 2016 በሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ በደረሰው ሁከትና ግፊያ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ የምስጋና ቀን የልቅሶ ቀን ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ኮሚቴ የገዳን ሥርዐት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገባ። በ2019 ደግሞ ኢሬቻ በአዲስ አበባ ከተማ በይፋ ተከበረ።

ስለ ምርምሩና ስለ መምህሩ ድርሻ

እምነቱን ለማወቅ ከደከሙት ሰዎች መካከል በወለጋ ረጅም ዘመን የኖረው የሆላንዱ ካህን ላምበርት ባርቴልስ ይጠቀሳል። በ1983 ያሳተመውን ትልቅ መጽሐፍ «ለመረዳት የተደረገ ሙከራ» ብሎ ሰይሞታል። ካህኑ የራሱን ሃይማኖት ሳይተው የሌላውን ሃይማኖት ከባለቤቶቹ አፍ በትሕትና ማዳመጡ ለተመራማሪ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል።

በሌላ በኩል መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት ነገር አለ። በ1978 ሁለት ተመራማሪዎች በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ በናሞራቱንጋ የተተከሉ የጥንት ድንጋዮች ከቦረና የዘመን አቈጣጠር ከዋክብት ጋራ ይገጥማሉ ብለው ጽፈው ነበር። ሌሎች ግን የድንጋዮቹን አቀማመጥ እንደገና ለክተው አሳቡን ተጠራጠሩት። የአያንቱዎቹ እውቀት ዛሬም በሕይወት ያለ እውቀት ስለሆነ፣ ክብሩን ለማግኘት ያልተረጋገጠ ድንጋይ አያስፈልገውም።

እንዲሁም ሥርዐቱ እንከን የሌለበት ነበር ማለት አይገባም። ብረት ቀጥቃጮች፣ ቈዳ ፋቂዎችና ዋታ የተባሉት አዳኞች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፣ በጋብቻም ተርቀው ኖረዋል። ሴቶች ሲንቄ ቢኖራቸውም የገዳ ሹመት አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ነገር ስፍራውን ይያዝ የሚል ትምህርት፣ አንዳንዱን ሰው በዝቅተኛ ስፍራ ለዘላለም ለማሰር ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ልክ የተባለው ንቀት በሆነ ጊዜ ሰፉ በራሱ ስም ይጣሳል። ነገር ግን ለዚህ ፍርድ የሚሆነው ሚዛን ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም፤ ለቀጥቃጩም ሆነ ለዋታው ከዋቃ የሆነ አያና አለው የሚለው የእምነቱ ቃል ራሱ ይፈርዳል።

ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች ጕዳዩ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአባቶቹ እምነት ዛፍ ማምለክ ነው ተብሎ የተነገረው ልጅ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በአያቱ ያፍራል፤ ወይ በትምህርት ቤቱ ይቈጣል። በሁለቱም መንገድ በሁለት ትውልድ መካከል ያለው ልክ ይፈርሳል። ኦሮምኛ የቃል ታሪክን አርጋ ደጌቲ ይለዋል፤ «የታየና የተሰማ» ማለት ነው። የታየውንና የተሰማውን የሚያውቁ ሽማግሎች በየዓመቱ እያለፉ ናቸው፤ ከእነርሱም ጋራ የ27ቱ ቀኖች ስምና ትርጉም፣ የየአገሩ የምርቃት ሥርዐትና የጉማ ሕግ ያልፋል።

ስለዚህ በየአውራጃው ያለው መምህር ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን፣ የተናጋሪውን አገርና የሰሙበትን ቀን ጨምረው እንዲጽፉ ማዘዝ ነው። የሰሙትን ከራሳቸው አስተያየት ለይተው ያስፍሩ፤ አንዱ ሽማግሌ ከሌላው የተለየ ነገር ቢናገር ሁለቱንም ይጻፉ፤ ለማሳመርም አይጨምሩበት። ይህን ለማድረግ መምህሩ እምነቱን መቀበል አያስፈልገውም፤ ክርስቲያኑ በክርስትናው፣ ሙስሊሙም በእስልምናው ጸንቶ ሊሠራው ይችላል። የሚፈለግበት የሌላውን አሳብ በስፍራው ማክበር ነው፤ ይህም ሽማግሎቹ ሰፉ ብለው ከሚጠሩት ነገር አንዱ ነው።